ያላጨሰችው እናት፣ ያልተወለደው ልጅ፦ የደባል ጭስ ጉዳት ከማህፀን እስከ አራስ ቤት



እርግዝና በቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር ይለውጣል። ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ እንከለክላታለን፤ ያማራት ነገር ካለ ከሩቅ ሰፈርም ቢሆን ፈልገን እናመጣለን፤ የወጥ ሽታ ሲያስጠላት ድስቱን ራቅ አድርገን እንጥዳለን። የጎረቤት እናቶች ስለምትበላውና ስለማትበላው ይመክሯታል። ባል የክትትል ቀኗን ቆጥሮ ጤና ጣቢያ ይሸኛታል። በዚሁ ቤት ውስጥ ግን ያው ባል፣ ወይም ወንድሟ፣ ወይም ለዚያራ የመጣ እንግዳ ከምሳ በኋላ ሳሎን ተቀምጦ ሲጋራ ሲለኩስ «ተው» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የለም። «የሚያጨሰው እሱ እንጂ እሷ አይደለችም፤ ምን ትሆናለች?» ተብሎ ይታለፋል።

ጉዳዩ ግን የሚታለፍ አይደለም። አጠገቧ ከሚጨሰው ሲጋራ የሚወጣው ጭስ በእናት ሳንባ ገብቶ፣ በደሟ ተጉዞ፣ ገና ዓለምን ወዳላየው ልጅ ይደርሳል። በክብደቱና በአተነፋፈሱ ላይ ብቻ ሳይሆን ከተወለደ በኋላ በሚያሳየው ጠባይ ላይም፣ ማለትም በአለቃቀሱ፣ በእንቅልፉ፣ በሰውነቱ እንቅስቃሴና በትኩረቱ ላይ ጭምር አሻራውን ሊተው እንደሚችል ጥናቶች አመልክተዋል። በዚህ ጽሑፍ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን፣ ጥናቶቹ ምን እንዳገኙና እስከምን ድረስ እንደሚያስኬዱን፣ ዲናችን ስለ ጽንስ መብት ምን እንደሚያስተምረን፣ በመጨረሻም በየቤታችን ምን ማድረግ እንደምንችል ኢንሻአላህ እንመለከታለን።

ደባል አጫሽ ማን ነው?

ሲጋራ ሳይዝ፣ ሳይለኩስና ሳይስብ ሌሎች የሚያጨሱትን ጭስ አብሮ የሚተነፍስ ሰው በተለምዶ «ደባል አጫሽ» ይባላል። ወደዚህ ሰው ሳንባ የሚገባው ጭስ ከሁለት ቦታ የሚመጣ ነው። አንዱ አጫሹ ስቦ መልሶ የሚተነፍሰው ሲሆን፣ ሌላውና የሚበልጠው ደግሞ ሲጋራው በጣት ተይዞ ወይም መተርኮሻ ላይ ተቀምጦ ሲጤስ ከጫፉ የሚወጣው ነው። ይህ ሁለተኛው ጭስ ትንባሆው በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል የሚወጣና በሲጋራው ማጣሪያ በኩል ያላለፈ በመሆኑ፣ ብዙዎቹን መርዛማ ንጥረ ነገሮች አጫሹ ከሚስበው ጭስ በበለጠ መጠን ይይዛል።

የትንባሆ ጭስ ከ7000 በላይ ኬሚካሎች የሚገኙበት ሲሆን ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንባሆ በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል። ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡት እራሳቸው የማያጨሱ፣ ነገር ግን የሌሎችን ጭስ ሲተነፍሱ የኖሩ ናቸው።

በሀገራችን እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የጎልማሶች የትንባሆ አጠቃቀም ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህም ማለት ከ100 ወንዶች 8 ያህሉ፣ ከ100 ሴቶች ደግሞ 2 እንኳ የማይሞሉት ትንባሆ ይጠቀማሉ ማለት ነው። በቤታቸው ውስጥ ለጭስ የሚጋለጡት ጎልማሶች ግን 12.6 በመቶ ነበሩ፤ ከስምንቱ አንዱ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ግልጽ ነው፤ በእኛ ሀገር ሴቶች ጭስ የሚያገኛቸው በአብዛኛው በራሳቸው ሲጋራ ሳይሆን በሌላው ሲጋራ ነው። ስለዚህ «እርጉዝ ሴት አታጭስ» የሚለው ምክር ብቻውን ለእኛ ቤት አይበቃም። ምክሩ መዞር ያለበት በዋናነት ወደ ወንዶቹ ነው።

ጭሱ ወደ ጽንሱ የሚደርሰው እንዴት ነው?

አላህ (ሱ.ወ) ጽንሱን ከእናቱ ጋር ያገናኘው በእንግዴ ልጅና በእትብት ነው። የእናት ደምና የጽንሱ ደም በቀጥታ አይቀላቀሉም፤ ሆኖም በእንግዴ ልጁ ስስ ግድግዳ በኩል ምግብና ኦክስጅን ወደ ልጁ ያልፋሉ፣ ቆሻሻው ደግሞ ወደ እናቱ ይመለሳል። ብዙ ሰው እንግዴ ልጁ መጥፎውን ሁሉ የሚያስቀር ወንፊት ይመስለዋል። ከትንባሆ ጭስ የሚመጡት ዋና ዋናዎቹ ጎጂ ነገሮች ግን ያልፉታል።

የመጀመሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ኦክስጅን በሰውነታችን የሚጓጓዘው ሄሞግሎቢን በሚባለው የደም ክፍል ላይ ተጭኖ ሲሆን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የተጫነበት ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ለመያዝ ቦታ አይኖረውም። ስለዚህ እናት ጭስ በሞላበት ክፍል ስትቀመጥ ለጽንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። እሷ መስኮት ከፍታ ወይም ወደ ደጅ ወጥታ አየር መቀበል ትችላለች፤ እሱ ግን የሚተነፍሰው እሷ የተነፈሰችውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኒኮቲን ነው። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውንም ደም ሊቀንስ ይችላል። ከዚህም በላይ ራሱ ኒኮቲኑ ወደ ጽንሱ ይሻገራል። ከባሕሪ ጋር የሚያያዘው ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንጎል ውስጥ አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ንጥረ ነገር አለ። ጽንሱ በማህፀን ሳለ ይህ ንጥረ ነገር የነርቭ ሕዋሳት መቼ እንደሚራቡ፣ ወዴት እንደሚሄዱና ከማን ጋር እንደሚያያዙ ከሚመሩት ምልክቶች አንዱ ነው። ኒኮቲን ይህንኑ መልእክተኛ በመምሰል የእሱን መቀበያ በሮች ይከፍታል። ያለ ጊዜው የተከፈተ በር የነርቮቹን አሠራር ሊያዛባ እንደሚችል በእንስሳት ላይ የተደረጉ ብዙ ሙከራዎች አሳይተዋል።

ጭሱ በእርግጥ ወደ ልጁ መድረሱ በግምት የሚነገር አይደለም። ሰውነት ኒኮቲንን ሲሰባብረው ኮቲኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይተዋል። ይህ ንጥረ ነገር በደም፣ በሽንት፣ በምራቅና በፀጉር ይለካል። ራሳቸው ሳያጨሱ ከአጫሽ ጋር ከሚኖሩ እናቶች በተወለዱ ሕፃናት የእትብት ደም ውስጥም ተገኝቷል። ልጁ ገና ስም ሳይወጣለት በደሙ ውስጥ የአባቱ ሲጋራ ማስረጃ ይገኛል ማለት ነው።

ከተወለደ በኋላ በጠባዩ ላይ ምን ይታያል?

«የሁለት ቀን ሕፃን ምን ባሕሪ አለው?» ሊባል ይችላል። አራስ ቤት የዋሉ እናቶች ግን ልዩነቱን ያውቁታል። አንዱ ሕፃን ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ አንዴ ደንገጥ ብሎ መልሶ ይተኛል፤ ሌላው ጠብ ባለ ቁጥር ይበረግጋል። አንዱ ሲያለቅስ ቢያቅፉት ወዲያው ዝም ይላል፤ ሌላው ብዙ መባበል ይፈልጋል። ሐኪሞች ይህን ልዩነት በሥርዓት ይለኩታል። በሰፊው ከሚታወቁት መለኪያዎች አንዱ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዘልተን እ.ኤ.አ በ1973 ያሳተሙት ነው። ሕፃኑ ለተደጋጋሚ ድምፅና ብርሃን መልስ መስጠቱን ቀስ በቀስ መተው መቻሉን፣ ፊትና ድምፅን መከታተሉን፣ የእጅና እግሩን ጥንካሬና እንቅስቃሴ፣ ከለቅሶ ወደ ጸጥታ እንዴት እንደሚመለስ፣ እንዲሁም ቆዳው ቀለሙን መለዋወጡንና መንቀጥቀጡን የመሳሰሉ ነገሮችን ይመዝናል።

በስፔን ታራጎና ከተማ የሮቪራ ኢ ቪርጂሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መለኪያ 282 ጤነኛ ሕፃናትን ከተወለዱ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መርምረዋል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ በ2012 ነው። ከእናቶቹ ውስጥ 22 በመቶው በእርግዝና ወቅት ያጨሱ ነበሩ። ወደ 6 በመቶ የሚጠጉት ደግሞ ራሳቸው ሳያጨሱ በደባልነት የተጋለጡ ናቸው። በውጤቱም የሁለቱም ወገን ሕፃናት፣ የአጫሽ እናቶቹም የደባል አጫሾቹም፣ ከአካባቢያቸው የሚመጣውን የሚረብሽ ነገር ችላ ብሎ የመረጋጋት ችሎታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። የደባል አጫሽ እናቶች ሕፃናት በተለይ በሰውነት እንቅስቃሴ ዝቅ ያለ ውጤት አምጥተዋል። የአጫሽ እናቶች ልጆች ደግሞ ራሳቸውን በማረጋጋትና በትኩረት ረገድም ደከም ያሉ ነበሩ።

ይህ ለእናት በዕለት ተዕለት ኑሮዋ ምን ማለት ነው? በትንሽ ኮሽታ የሚነቃ፣ ከነቃ በኋላ ለመረጋጋት የሚቸገር፣ ጡት ይዞ ሳለ በቀላሉ የሚዘናጋ ሕፃን ማለት ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ያጣች አራስ ትደክማለች፤ የደከመች እናት ልቧ ይሰበራል። «ልጁ ምን ነካው?» እያለች ራሷን ትወቅሳለች፤ አንዳንዴም ቡዳ ነው፣ ዓይን ነው ይባላል። እሷ አንድም ቀን ያልነካችው ሲጋራ ለድካሟ አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ጉዳቱ በጠባይ ብቻ አያበቃም። የአሜሪካ ጠቅላይ የጤና ሐኪም ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ በ2006 ባወጣው ሰፊ ሪፖርት፣ በእርግዝና ወቅት ለደባል ጭስ መጋለጥ የሕፃኑን የልደት ክብደት በመጠኑ እንደሚቀንስ፣ ከተወለደ በኋላ መጋለጥ ደግሞ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የመሞት አደጋን፣ የሳንባ ሕመምን፣ የጆሮ ኢንፌክሽንንና የአስም መባባስን እንደሚያመጣ ደምድሟል። ከጉዳት ነፃ የሆነ የመጋለጥ መጠን እንደሌለም አስታውቋል። የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 19 ጥናቶችን አጠቃልለው እ.ኤ.አ በ2011 ባወጡት ትንታኔ ደግሞ፣ በደባልነት በተጋለጡ የማያጨሱ እርጉዞች ላይ ጽንሱ ሞቶ የመወለድ ዕድል በ23 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ጥናቶቹን እንዴት እንረዳቸው?

እውነቱን ሳንጨምርና ሳንቀንስ መናገር አማና ነው። በታራጎናው ጥናት የደባል አጫሽ እናቶች ቁጥር ከ20 አይበልጥም፤ ስለዚህ በዚያ አንድ ጥናት ላይ ብቻ ትልቅ ፍርድ መስጠት አይገባም። ልጆች ከፍ ሲሉ የሚታየውን የትኩረት ማነስና መቅበጥበጥ ከእርግዝና ጊዜ ጭስ ጋር የሚያያይዙ ብዙ ጥናቶችም አሉ። ነገር ግን ጭስ ያለበት ቤት ሌሎች ነገሮችም ሊኖሩት ይችላሉ፤ ድህነት፣ ጭንቀት፣ ከወላጅ የሚወረስ ጠባይ። ወንድማማቾችን እያነጻጸሩ የተሠሩ ጥናቶች፣ ከሚታየው ግንኙነት ውስጥ ከፊሉ ከእነዚህ የቤተሰብ ምክንያቶች የሚመጣ መሆኑን ጠቁመዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ የሚያለቅስ ወይም የሚቅበጠበጥ ልጅ ሁሉ የጭስ ሰለባ አይደለም። ሕፃን በርሃብ፣ በሆድ ቁርጠት፣ በሕመም ያለቅሳል፤ ለቅሶው ከበዛ የሚሻለው ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ነው። መምህራንም ክፍል ውስጥ የማይቀመጥ ተማሪ ባዩ ቁጥር የወላጁን ሲጋራ መቁጠር የለባቸውም። ሁለተኛ፣ በጠባዩ ላይ ያለው ክርክር በሌሎቹ ጉዳቶች ላይ የለም። ኒኮቲኑና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ጽንሱ መድረሳቸው፣ ክብደት መቀነሱ፣ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት መጨመሩ የተረጋገጠ ነው። ጭሱ ለልጁ የሚያመጣው አንድም ጥቅም ደግሞ የለም። አንድ ነገር ጉዳቱ ግልጽ፣ ጥቅሙ ባዶ ከሆነ፣ የቀረው ጥርጣሬ እስኪጠራ ልጅን መሞከሪያ ማድረግ ከአስተዋይ ወላጅ አይጠበቅም።

ጽንስ በሸሪዓ ያለው መብት

ኢስላም ልጅን መብት የሚሰጠው ከተወለደ በኋላ ብቻ አይደለም። አባት ቢሞት በማህፀን ላለው ልጅ የውርስ ድርሻ ይቀመጥለታል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ከሁዘይል ጎሳ የሆኑ ሁለት ሴቶች ተጣልተው አንደኛዋ በወረወረችው ድንጋይ የሌላኛዋ ጽንስ በሞተ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጽንሱ «ጉርራ» የተባለውን ካሳ መፍረዳቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ጥፋቷን አምና ለመጣችው የጋሚድ ጎሳ ሴትም ቅጣቱ ልጇን እስክትወልድና ጡት እስክታስጥል ድረስ መዘግየቱን ሙስሊም ዘግበውታል። ሸሪዓዊ ቅጣት እንኳ ለጽንሱ ሲባል ቆሟል።

ከሁሉም ይበልጥ ወደ ዕለታዊ ሕይወታችን የሚቀርበው የጾም ጉዳይ ነው። የረመዷን ጾም ከኢስላም መሠረቶች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ እርጉዝ ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ጉዳት ከፈራች እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። ዑለማዎች የተለያዩት ቀዷ ማውጣት፣ ፊድያ መስጠት ወይም ሁለቱም ይገባታል በሚለው ዝርዝር ላይ ነው፤ በፈቃዱ ላይ አይደለም። እስቲ እናስተውል፤ አላህ ለዚያ ልጅ ሲል ከእናቱ ላይ ግዴታ ያደረገውን ጾም አንስቶላት ሳለ፣ እኛ ለአንድ ሲጋራ ስንል ልጁን ለጉዳት የምናጋልጠው በምን ማስረጃ ነው?

ስለ ማጨስ ራሱ የዑለማዎች ንግግር ታሪክ አለው። ትንባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ስለሆነ ስሙ በቀደምት ኪታቦች አይገኝም። መጀመሪያ ሲመጣ ዑለማዎች ተለያዩ፤ ሐራም ያሉ፣ መክሩህ ያሉ፣ እንደ ደማስቆው ዐብዱልገኒይ አን-ናቡሉሲ ያሉ ደግሞ የተፈቀደ ነው ብለው የጻፉ ነበሩ። ያኔ ጉዳቱ እንደዛሬው በሕክምና አልተረጋገጠም ነበር። ጉዳቱ ሲገለጥ ግን ብዙ የፈትዋ አካላት ወደ ክልከላው አዘንብለዋል። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1995 ማጨስ ሐራም መሆኑን ወስኗል። የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ በጥር 2009 በፓዳንግ ፓንጃንግ ባካሄደው ጉባኤ፣ ስለ ማጨስ በአጠቃላይ ሐራምና መክሩህ በሚሉ ሐሳቦች ቢለያይም፣ በሦስት ሁኔታዎች ግን ሐራም መሆኑን አስታውቋል፤ ለልጆች፣ ለእርጉዝ ሴቶችና በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች። ልብ በሉ፤ ልዩነት ባለበት እንኳ ጽንስና ሌላ ሰው በሚጎዳበት ጊዜ ልዩነቱ ጠብቧል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 195ኛ አንቀጽ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራስንም ሌላንም መጉዳት እንደማይገባ አስተምረዋል፤ የፊቅህ ምሁራንም ከዚህ «ጉዳት ይወገዳል» የሚለውን ታላቅ መርህ አውጥተዋል። ነጭ ሽንኩርት በልቶ የሚሸት ሰው ሌሎችን እንዳያስቸግር መስጂድ እንዳይቀርብ ከታዘዘ፣ የሐላል ምግብ ሽታ እንዲህ ከተቆጠረ፣ መርዝ የያዘ ጭስ በእርጉዝ ሚስት ፊት ማቦነን እንዴት ይቀላል? ወንድ ልጅ የቤተሰቡ እረኛ ነው፤ ስለ መንጋውም ይጠየቃል።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ማመካኛዎች

«መስኮት ከፍቼ ነው የማጨሰው።» መስኮት ሽታውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ጭሱን አያጠፋውም። ማራገቢያም ቢሆን ጭሱን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል። ሌላ ክፍል ገብቶ ማጨስም እንዲሁ ነው፤ ጭሱ በበር ሥርና በኮርኒስ ይዞራል።

«ሲጋራ ትቻለሁ፤ ሺሻ ብቻ ነው፤ እሱን ውሃው ያጣራዋል።» ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ ሰው በአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ከላይ የሚቀመጠው ከሰል ደግሞ ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል።

«በርጫ ላይ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ ነው።» ጫት ተይዞ በሚቆይባቸው ሰዓታት በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጋራ በሲጋራ ላይ ይለኮሳል። ውሃና ሻይ እያመላለሰች የምታስተናግደው ያቺው እርጉዝ ሴት ናት። ከሦስትና አራት ሰዎች የሚወጣውን ጭስ ለብዙ ሰዓት የምትተነፍሰው እሷ ነች።

«እናቴም በአባቴ ጭስ መሐል ነው የወለደችኝ፤ ይኸው ደህና ነኝ።» አልሐምዱሊላህ። ቀበቶ ሳያስር ከአደጋ የተረፈ ሰውም አለ፤ እሱ መትረፉ ግን ቀበቶን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። አላህ ላተረፈን እሱን ማመስገን እንጂ ልጃችንን ለዚያው አደጋ ማቅረብ አይገባንም።

ሕጉ የሚደርስበትና የማይደርስበት

ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ል ያወጣችው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዚህ ረገድ ጠንካራ ነው። በሥራ ቦታና ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ማናቸውም ቤቶች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ክልከላው ከበርና መስኮታቸው እስከ 10 ሜትር ድረስ ይደርሳል። በጤና ተቋማትና በትምህርት ቤቶች ግቢ ጨርሶ አይፈቀድም። ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጥን፣ ትንባሆ ማስተዋወቅን፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ መሸጥንም ያግዳል። ስለዚህ እርጉዝ እህታችን በቢሮዋ፣ በካፌም ሆነ በምግብ ቤት ውስጥ አጠገቧ ሲጨስ «ይህ ቦታ አይፈቀድም» ብትል የምትጠይቀው ሕጋዊ መብቷን ነው፤ ውለታ አይደለም።

እንዲህ ያሉ ሕጎች ፍሬ እንደሚያፈሩ ታይቷል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ በ2014 የወጣ አጠቃላይ ትንታኔ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሕዝብ ቦታዎች ከጭስ ነፃ ከተደረጉ በኋላ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በ10 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። በአንድ አዋጅ ስንት ሕፃን ቀኑን ሞልቶ እንዲወለድ ሰበብ መሆን እንደሚቻል እንመልከት።

ነገር ግን የትኛውም ተቆጣጣሪ ወደ መኝታ ቤታችን አይገባም። እዚያ የሚገባው ተቅዋ ነው።

ምን እናድርግ?

ለባል፦ ትልቁ ስጦታህ መተው ነው። ካጨስክ ከ12 ሰዓት በኋላ በደምህ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማ መጠን ይመለሳል። ከባዱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው፤ የኒኮቲን ረሃቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። በረመዷን ከፈጅር እስከ መግሪብ ሳታጨስ የምትውል ሰው ነህ፤ ስለዚህ ይህ አቅም አለህ። ብቻህን ከከበደህ የጤና ባለሙያ አማክር፤ አብረውህ የሚያጨሱትን ጓደኞችህን ለጊዜውም ቢሆን ራቅ በል። እስክትተው ድረስ ግን ቢያንስ ቤትህንና መኪናህን ሙሉ በሙሉ ከጭስ ነፃ አድርግ። ውጭ ስታጨስ ከበርና ከመስኮት ራቅ በል፤ ስትመለስ እጅህንና ፊትህን ታጠብ፣ ጃኬትህን ቀይር። የጭሱ ቅሪት በልብስ፣ በፀጉርና በምንጣፍ ላይ ይቆያል፤ ሕፃኑ ደግሞ የሚታቀፈው በዚያው ደረት ላይ ነው። በመኪና ውስጥ ያለው አደጋ ቦታው ጠባብ በመሆኑ የበለጠ ነው፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ ከጥቅምት 2015 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ልጅ በተሳፈረበት የግል መኪና ማጨስን በሕግ ከልክላለች።

ለእርጉዝ እህቴ፦ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ራስሽን አትውቀሺ። መናገር ግን መብትሽ ነው። በንዴት ሰዓት ሳይሆን ባልሽ በተረጋጋበት ጊዜ ስለ ልጁ አንስተሽ ንገሪው፤ «ሲጋራህን ጠላሁ» ከማለት ይልቅ «ልጃችን የሚተነፍሰው በእኔ ነው» ማለት ልብ ይነካል። ካልሰማሽ ለሚያከብረው ሰው፣ ለእናቱ፣ ለታላቅ ወንድሙ ወይም ለሰፈሩ ኡስታዝ አስነግሪ። በቅድመ ወሊድ ክትትልሽ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው መኖሩን ለአዋላጇ ንገሪያት፤ ከቻልሽም እሱን ይዘሽው ሂጂ፣ ከባለሙያ አፍ ይስማ። ጭስ ሲጀመር ክፍሉን ለቀሽ መውጣት ነውር አይደለም። የከሰልና የማገዶ ጭስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለው ቡና ስታፈዪ ምድጃውን ደጅ ወይም አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን።

ለቤተሰብና ለእንግዳ፦ ለአራስ ጥየቃና ለዓቂቃ የሚመጣ ሰው ደስታ ሊካፈል እንጂ ሕፃኑን ሊጎዳ አይመጣም። ያላወቀ ግን ያጨሳል። በር ላይ በትሕትና «አራስና ሕፃን አለ፤ እዚህ አይጨስም» ማለት እንግዳን ማዋረድ አይደለም። አማት ይህን ቃል ብትናገረው ደግሞ ሙሽራዋ ከመናገር ትድናለች፤ ቃሏም ይበልጥ ይከበራል።

ለኢማሞችና ለኡስታዞች፦ በኒካህ ምክርና በጁሙዓ ኹጥባ ስለ ሚስት ሐቅ ሲነሳ፣ በእርግዝና ጊዜ ንጹሕ አየር ማግኘቷም ከሐቋ እንደሚቆጠር ቢነገር ብዙ ቤት ይለወጣል። ወንዶቹ የሚሰበሰቡት በመስጂድ ስለሆነ ይህ መልእክት ከጤና ጣቢያው ይልቅ በመስጂድ በኩል ይደርሳቸዋል።

ውድ አንባቢያን፣ አላህ በሱረቱ ሉቅማን 14ኛ አንቀጽ እናት ልጇን በድካም ላይ ድካም እየተሸከመች እንደምታረግዝ አስታውሶናል። ይህ ድካም እሱ የወሰነው ነው፤ ምንዳውም እሱ ዘንድ ነው። እኛ በላዩ የምንጨምረው ድካም ግን ከእኛ ነው፤ የምንጠየቅበትም እኛው ነን። ያ ልጅ ነገ ሲወለድ በቀኝ ጆሮው አዛን የምናሰማው ንጹሕ ቃል ወደ ሕይወቱ መጀመሪያ እንዲገባ ፈልገን ነው። ከዚያ በፊት ላሉት ዘጠኝ ወራት ደግሞ ንጹሕ አየር እናስቀድምለት።

አላህ (ሱ.ወ) እርጉዞቻችንን በሰላም ያገላግልልን፤ ልጆቻችንን ጤናማና ሷሊሕ ያድርግልን፤ በማጨስ የተፈተኑ ወንድሞቻችንን የመተውን ብርታት ይስጣቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።